ለሴንት ፖሏ እህታችን፦ ስለ አይላንድ ሶኬትና ስለ ፈቃዱ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ወጥ ቤትዎ መካከል ርዝመቱ 6 ጫማ፣ ስፋቱ 3 ጫማ የሆነ አይላንድ (ከግድግዳ ተነጥሎ መሐል ላይ የሚቆም ካቢኔና ጠረጴዛ) ሊያሠሩ ነው፤ ኮንትራክተሩ «አዲሱ ኮድ አይላንድ ላይ ሶኬት አያስገድድም፤ ስለዚህ ፈቃድም አያስፈልግም» ብሎዎታል፤ ጎረቤትዎ ደግሞ የእሷ አይላንድ ጎኑ ላይ ሶኬት ስላለው የእርስዎም እንደዚያው እንዲሆን መክራዎታለች። እኔ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። ሆኖም እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ በሁለት ቤቶች፣ በመጀመሪያው ያለ ፈቃድ፣ በሁለተኛው በፈቃድ አይላንድ ስላሠራሁ የሁለቱንም መጨረሻ አይቻለሁ።

ከኮንትራክተርዎ ንግግር የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለው። ብሔራዊው የኤሌክትሪክ ኮድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሥራ ደንቡ፣ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ የ2017ቱ እትም ርዝመቱ 24 ኢንች፣ ስፋቱ 12 ኢንችና ከዚያ በላይ ለሆነ አይላንድ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሶኬት ያዝ ነበር። የ2020ው ደግሞ በጠረጴዛው ገጽ ካሬ ጫማ ይቆጥር ጀመር፤ ለመጀመሪያዎቹ 9 ካሬ ጫማ አንድ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ 18 ካሬ ጫማ ወይም ለክፋዩ አንድ ተጨማሪ። የእርስዎ 18 ካሬ ጫማ ስለሆነ በዚያ ቁጥር ሁለት ሶኬት ይደርሰው ነበር። ሚኒሶታ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው የ2023 እትም ግን ግዴታውን አንሥቶ ምርጫውን ለባለቤቱ ተወ።

ሆኖም ምርጫው ሁለት ገደብ አለው፤ ኮንትራክተርዎም ጎረቤትዎም ያለፉት ይህንን ነው። ሶኬት አላስገባም ካሉ፣ ወደፊት ማስገባት የሚፈልግ ሰው እንዲችል ዝግጅቱ ከአሁኑ መሠራት አለበት። አስገባለሁ ካሉ ደግሞ ቦታው ከጠረጴዛው ገጽ በላይ፣ ወይም ራሱ ጠረጴዛው ውስጥ ለዚሁ ተብሎ በተመረተ ዕቃ እንጂ፣ እንደ ጎረቤትዎ በካቢኔው ጎን አይደለም። የእሷ ሲሠራ የነበረው እትም ከገጹ 12 ኢንች ዝቅ ብሎ እስከሚደርስበት ድረስ ይፈቅድ ስለነበረ እሷ አላጠፋችም፤ አሁን ግን ያንኑ ቢያሠሩ ኢንስፔክተሩ አያሳልፈውም። ለለውጡ ምክንያት የሆነው ሕፃናት በጎን በኩል የተንጠለጠለውን ገመድ እየጎተቱ ትኩስ ዕቃ በላያቸው ላይ መገልበጣቸው ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጀበና ጥደን ልጆች በዙሪያችን ለሚሯሯጡብን ለእኛ ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚሻ አይመስለኝም።

ወደ ፈቃዱ እንምጣ። ካቢኔና የጠረጴዛ ገጽ መግጠም ብቻውን በክፍለ ግዛቱ የግንባታ ሕግ ከፈቃድ ነፃ ነው፤ ኮንትራክተርዎ ይህንን ይዞ ይሆናል የተናገረው። አዲስ ሽቦ መዘርጋት ግን የኤሌክትሪክ ፈቃድና ምርመራ የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ ፈቃዱን ራሳቸው ይሰጣሉ፤ እኔ ባለሁበትና በብዙ ሌሎች ቦታዎች ደግሞ የሚሰጠው የክፍለ ግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ነው። የሚኖሩበት የራስዎ ቤት ከሆነ ሥራውን በገዛ እጅዎ ሠርተው ፈቃዱን በስምዎ ማውጣት ይችላሉ፤ ነገር ግን የሙያ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ «በስምዎ ያውጡልኝ፣ እኔ እሠራዋለሁ» ቢልዎት እሺ አይበሉ። የባለቤት ፈቃድ ባለቤቱ ራሱ ለሚሠራው ሥራ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቤቴ ያሠራሁት ሰው፣ ከቤዝመንቱ የመብራት መስመር ላይ ቀጥሎ፣ መገጣጠሚያውን ያለ ሳጥን ጣሪያው ውስጥ ቀብሮት ሄደ። መስመሩ ባለ 15 አምፔር ነበር። ባለቤቴ እንጀራ በምትጋግርበት ቀን አንድ ሰው ሻይ ሊያፈላ ማሞቂያውን ሲሰካ ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ማጥፊያ) ይወድቅና ቤዝመንቱ ይጨልም ነበር፤ እኛም ለዓመታት ብሬከሩን እየመለስን ኖርን። ቤቱን ልንሸጥ ስንል ግን የገዢው መርማሪ አገኘው። የተጠናቀቀውን ጣሪያ አስከፍተን፣ የሙያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን አስገብተን፣ ፈቃዱን ከሥራው በኋላ አውጥተን እስክንጨርስ ሽያጩ ሳምንታት ዘገየ። የእርስዎም ቤት አንድ ቀን ሲሸጥ የገዢው መርማሪ ሊያየው ስለሚችል፣ ተደብቆ ይቀራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

አሁን ባለንበት ቤት በ2024 መኸር ስናሠራ ከሁሉ በፊት የጠየቅሁት ሽቦው በየት በኩል እንደሚመጣ ነው። የጠረጴዛ ሶኬቶች ቢያንስ ሁለት ባለ 20 አምፔር መስመሮች ሊኖሯቸው ይገባል፤ እነዚህ መስመሮች መብራትም ሆነ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን አይሸከሙም። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የ120 ቮልት ምጣድ 1500 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ብቻውን 12.5 አምፔር ይስባል፤ ያንኑ ያህል የሚወስድ የውኃ ማፍያ በዚያው መስመር ላይ ሲጨመር 25 ይሆናልና ባለ 20ው አይችለውም። ስለዚህ በኮዱ ባንገደድም ለአይላንዱ ሁለት ሶኬት አደረግን፤ እያንዳንዱም በተለያየ መስመር ላይ ነው። ምጣድ የሚጣድበት አይላንድ ከሆነ እርስዎም እንዲሁ እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። መስመሮቹ በጂኤፍሲአይ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈተልክ በሚቆርጥ) እና በኤኤፍሲአይ (ሽቦ ውስጥ ብልጭታ ሲፈጠር እሳት እንዳይነሣ በሚቆርጥ) ጥበቃ ሥር መሆን ስላለባቸው ሁለቱን ያጣመረ ብሬከር ገባላቸው፤ ሽቦው ቁጥር 12 መዳብ ነው።

ከአገር ቤት የመጣ የ220 ቮልት ምጣድ አይላንዱ ላይ ለማኖር የሚያስቡ ካሉ (ጥያቄው ውስጥ ባይኖርም ብዙ ጊዜ ስለሚነሣ ነው)፣ እኔ አልመክርም። ከ3000 ዋት በላይ ስለሚወስድ የራሱ የ240 ቮልት መስመርና ጥንድ ብሬከር ይፈልጋል። ከዚያም በላይ፣ በአሜሪካ የ240 ቮልት መስመር ሁለቱም ሽቦዎች ኤሌክትሪክ አለባቸው፤ የምጣዱ ማጥፊያ አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ጠፍቶም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይቀራል።

ቤዝመንት እንዳለዎት ስለጻፉ ሥራው ከሚፈሩት ይቀላል። ሽቦው በቤዝመንቱ ጣሪያ፣ በወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች መካከል ተሻግሮ ከአይላንዱ ሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ካቢኔው ውስጥ ደግሞ ዕቃ እንዳይመታው በቱቦ ይሸፈናል። ሶኬት አሁን ባይፈልጉ እንኳ ያንኑ ሽቦ አምጥተው ካቢኔው ውስጥ ክዳን ባለው፣ እጅ በሚደርስበት ሳጥን ማሳረፍ ነው፤ ይህንን ግን አስቀድመው ለኢንስፔክተርዎ ያቅርቡለት። የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው ጣሪያውና ካቢኔው ሳይዘጋ ስለሆነ፣ ኮንትራክተርዎ ቢቸኩል እንኳ ምርመራው ሳያልፍ እንዳይዘጋ ውሉ ላይ ያስጽፉት።

ከጠረጴዛው ውስጥ ብቅ የሚለውን ሶኬት ከመረጡ፣ ለጠረጴዛ ገጽ የተፈቀደ መሆኑን ማሸጊያው ላይ ያረጋግጡ፤ ለቢሮ ዕቃ የተሠራውና ዋጋው ረከስ ያለው ቢመሳሰለውም ውኃ ሲፈስበት አይችልም፣ ምርመራም አያልፍም። የድንጋይ ሠራተኛው ሊለካ ከመምጣቱ በፊትም ገዝተው በእጅዎ ያድርጉት፤ ቀዳዳው የሚበሳው በዕቃው ልክ ነው፤ የእኛ ዘግይቶ ስለመጣ ድንጋዩን ለመብሳት ሠራተኛው ዳግም መመለስ ነበረበት፤ ለዚያች አንዲት ቀዳዳ የከፈልነው ለፈቃዱ ከከፈልነው ይበልጣል።