«አያምሽም» አትበያት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርስ ሐኪም ጋ ለምትሄድ ልጅ

እህቴ፣ «የአራት ዓመት ልጄን በሚቀጥለው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርስ ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው፤ መርፌ በጣም ትፈራለች፤ ምን ብዬ ላዘጋጃት?» ብለሽ ለጠየቅሽው አጭሩ መልስ፦ ወሬውን ቀንሺ፣ ልምምዱን ጨምሪ።

ብዙው ነገር የሚበላሸው ከአፋችን በሚወጣው ቃል ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። «አይዞሽ፣ አያምሽም» ስትያት ሕመም የሚባል ነገር እንዳለ ያኔ ነው የምታውቀው። «መርፌ የለም» ማለትም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ሐኪሙ ምን እንደሚያገኝ ስለማታውቂ ቃል መግባት አትችይም። ቃልሽ አንዴ ከታጠፈ ሁለተኛው ቀጠሮ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ራሷ «መርፌ አለ?» ብላ ከጠየቀችሽ «የምንሄደው ጥርሶችሽን ለማሳየትና ለማስቆጠር ነው፤ ሌላ ነገር ካስፈለገ ሐኪሙ ሳይነግርሽ አይጀምርም» በያት። ይህ እውነት እንዲሆን ደግሞ ቀድመሽ ደውይና የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ብቻ መሆኑን አረጋግጪ፣ ሐኪሙም እየነገራት እንዲሠራ ጠይቂ። ቤት ውስጥ «ጥርስሽን ካልቦረሽሽ ዶክተሩ ይነቅልሻል» የሚል ሰው ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይተው።

ቀጠሮውን በዋዜማው ብትነግሪያት ይበቃል፣ እሱም በሁለት ዐረፍተ ነገር። ሳምንቱን ሙሉ ማውራት ፍርሃቷን ማብሰል ነው።

ልምምዱን ግን ዛሬ ማታ ጀምሪ፣ ጨዋታ እንጂ ዝግጅት መሆኑን አትንገሪያት። ልጆችን ከመሳሪያው እኩል የሚያስደነግጣቸው የወንበሩ ወደ ኋላ መተኛት፣ ከላይ የሚያበራው መብራትና የማያውቁት ሰው ፊት መቅረቡ ነው። እነዚህን ቤት ውስጥ ማለማመድ ይቻላል። ጥርሷን ከቦረሽሽላት በኋላ ሶፋ ላይ በጀርባዋ አስተኝተሽ ጭንቅላቷን ጭንሽ ላይ አድርጊ። የእጅ ባትሪ አብሪ፣ ብርሃኑ አፏ ላይ እንጂ ዓይኗ ላይ አይረፍ። በንጹሕ የሻይ ማንኪያ እጀታ ጥርሶቿን እየነካሽ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፤ በዚህ ዕድሜ ከላይ 10፣ ከታች 10 ናቸው። የምላሷን ሥር አትንኪ፣ ያቅለሸልሻታል፤ አንዴ ካቅለሸለሻት በማግስቱ አፏን አትከፍትልሽም። መጀመሪያ 10 ሰከንድ፣ ቀስ በቀስ እስከ አንድ ደቂቃ። «እጅሽን ካነሳሽ አቆማለሁ» በያት፣ ስታነሳም የእውነት አቁሚ፤ ሐኪሙም ይህንኑ ምልክት እንዲጠቀም ንገሪው። ከዚያ ተራ ቀይሩ፣ እሷ ያንቺን ትቁጠር።

ቀጠሮው ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ በእንቅልፍ ሰዓቷ ፈጽሞ አይሁን። ከሁለት ሰዓት ያህል በፊት ቀለል ያለ ነገር ትብላ። በጣም የጠገበች ልጅ ሐኪሙ አፏን የሚያይበት ትንሽ መስታወት ምላሷን ሲነካ ልታስታውክ ትችላለች፣ የራባት ደግሞ ትነጫነጫለች። (የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣል ከተባለ ግን የጾሙን ሰዓት የሚወስነው ሐኪሙ ነው።) የምትወስደው መድኃኒት፣ አለርጂ፣ የልብ ችግር ወይም ቶሎ የማይቆም የደም መፍሰስ ካለባት ቀጠሮ ስትይዢ ተናገሪ። አንዳንድ የልብ ችግር ያለባቸው ልጆች ድድ ከሚያደማ ሕክምና በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ አለባቸው።

ክፍሉ ውስጥ አንድ አዋቂ ብቻ ይግባ። ሐኪሙ ሲያናግራት አንቺ ዝም በይ፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ «ክፈቺ» ሲላት ማንን እንደምትሰማ ይጠፋታል። ወንበሩን እምቢ ካለች አንቺ ተኚና እሷ ላይሽ ላይ ትተኛ፣ ብዙ ሐኪሞች ይፈቅዳሉ። ብታለቅስም አትሸማቀቂ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። «ካላለቀስሽ እንዲህ እገዛልሻለሁ» ማለትን ተይው፣ የሚያስለቅስ ነገር አለ ማለት ነዋ! ሲያልቅ ያደረገችውን ጠቅሰሽ አመስግኛት፦ «አፍሽን እስከ መጨረሻው ከፍተሽ ቆየሽ።»

የፍሎራይድ ቫርኒሽ (ጥርስ እንዳይበሰብስ ላዩ ላይ የሚቀባ መድኃኒት) ከተቀባላት ጥርሷ ቢጫ ሊመስልና ሊያጣብቃት ይችላል። ቆሻሻ መስሏቸው ቤት ሲደርሱ የሚፈትጉ ወላጆች አሉ፤ መድኃኒቱን ማጠብ ነው። ለጥቂት ሰዓታት ጠንካራና ትኩስ ነገር አትስጫት፣ መቼ መቦረሽ እንደሚቻልም ሳትጠይቂ አትውጪ።

ትናንሽ ልጆች ላላችሁ፦ የሚመከረው የመጀመሪያ ጉብኝት የመጀመሪያው ጥርስ በወጣ በስድስት ወር ውስጥ ወይም እስከ አንደኛ ዓመት ልደት ነው። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» የሚለው አያስኬድም፤ የኋላዎቹ የወተት መንጋጋዎች እስከ 10 እና 12 ዓመት አፍ ውስጥ ቆይተው ለቋሚዎቹ ቦታ ይጠብቃሉ።

ይህ ሁሉ ግን ሕመም ለሌላት ልጅ ነው። ጥርሷ እያመማት ከሆነ ልምምድ ብለሽ ቀን አትግፊ። ፊቷ ካበጠና ካተኮሳት፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገራት ቀጠሮውን ሳትጠብቂ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፣ ድዷ ላይም ክኒን አታስቀምጪ፣ ሥጋውን ያቃጥለዋል።