ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ፦ የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ከሲንጋፖሩ ቻንጊ እስከ ኒው ዮርኩ ጄኤፍኬ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አንዱ ጋ 15,340፣ ሌላው ጋ ከ16,000 በላይ አየሁ።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው በምድር ክብ ገጽ ላይ ያለው አጭሩ መስመር ነው። ሁለተኛው አውሮፕላኑ ነፋስ እየፈለገ ወይም የተዘጋ የአየር ክልል እየዞረ የሚበረው ነው፤ ከቀን ቀን ይለያያል።

ጥያቄ፦ አጭሩን ራሴ ላሰላው እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ካልኩሌተር ይበቃሃል። ቻንጊ 1.36 ሰሜን፣ 103.99 ምሥራቅ ላይ ነው፤ ጄኤፍኬ 40.64 ሰሜን፣ 73.78 ምዕራብ (ምዕራብ ስለሆነ ሲሰላ −73.78)። የኬንትሮስ (የምሥራቅ-ምዕራብ) ልዩነታቸው 177.77 ዲግሪ ነው። መጀመሪያ የሁለቱን ኬክሮስ (የሰሜን-ደቡብ ቁጥር) ሳይን አባዛ። ከዚያ የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይንና የልዩነቱን ኮሳይን፣ ሦስቱን አባዛ። ሁለቱን ውጤቶች ስትደምር −0.743 ገደማ ይመጣል። ኮሳይኑ ይህ የሆነው ማዕዘን 138 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ 60 ኖቲካል ማይል (የባሕርና የአየር ጉዞ ማይል፣ 1.852 ኪሎ ሜትር) ስለሆነ 8,280 ይሆናል፤ በ1.852 አባዛው፣ 15,335 ኪሎ ሜትር። የቀረችው 5 ኪሎ ሜትር በማጠጋጋት የጠፋች ናት።

ጥያቄ፦ ለእኔ 5,300 አካባቢ ወጣ!

መልስ፦ የምዕራቡን 73.78 ያለ መቀነስ ምልክት አስገብተሃል፤ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ብቻ ሆነብህ። ጭራሽ ትርጉም የሌለው ቁጥር ከወጣ ደግሞ ካልኩሌተሩ ራዲያን (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ላይ ነው፤ ወደ ዲግሪ መልሰው።

ጥያቄ፦ ካርታ ላይ በማስመሪያ ብለካውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጠፍጣፋ ካርታ ዋልታዎቹን ይለጥጣቸዋል። ሉል ላይ ክር ወጥረህ ብታየው የዚህ ጉዞ አጭር መስመር ከሰሜን ዋልታ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ርቆ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ሰዓቱስ? ርቀቱን ለ900 ባካፍል 17 ሰዓት ይመጣል፤ ትኬቱ ግን ከ18 ሰዓት ተኩል በላይ ይላል።

መልስ፦ 900 ከፍታ ላይ ከደረሰ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው። የትኬቱ ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው፤ መሬት ላይ ማኮብኮቡን፣ መውጣትና መውረዱን ለማካካስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጨምር። የቀረው የመንገዱ መርዘምና ነፋሱ ነው።

ጥያቄ፦ ነፋስ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ዋናው እሱ ነው። በአማካይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ቢገፋ 15,340ው በ15 ሰዓት ከ20 ያልቃል፤ ከፊት ቢመጣ 19 ሰዓት ከ10 ይፈጃል። በደርሶ መልስ ይካካሳል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ነፋስ ከሌለበት ቀን 25 ደቂቃ ያህል ይበልጣል፤ ምክንያቱም በዝግታው ፍጥነት የሚቆየው ለረጅም ሰዓት ነው። ጄት ስትሪም የሚባለው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ ኒው ዮርክ በፓስፊክ በኩል ዞሮ መሄድ፣ ኪሎ ሜትሩ ቢረዝምም፣ ሊያዋጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 12:00 (እኩለ ቀን) ላይ ተነስቶ 18 ሰዓት ከ40 ቢበር ስንት ሰዓት ይደርሳል?

መልስ፦ ትኬት ላይ ያለው የየከተማው ሰዓት ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ግሪንዊች ለውጠው። ሲንጋፖር 8 ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ መነሻው 04:00፣ መድረሻው 22:40። ኒው ዮርክ በበጋዋ (በሞቃቱ ወቅቷ) 4 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፦ 18:40። በክረምቷ (በቀዝቃዛው ወቅቷ) 5 ሰዓት ስለሆነ 17:40። ሁለቱም በዚያው ዕለት።