መልስ፦ ሶሺዮሎጂ ወይስ አንትሮፖሎጂ? ሥራስ አለው?

እህቴ፣ «ፍሬሽማን ጨርሻለሁ፤ ከሁለቱ አንዱን ብመርጥ ሥራ አገኛለሁ ወይ?» ላልሽው፦ ታገኛለሽ፤ በዲግሪው ብቻ ግን አይደለም። በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች፣ በባህልና በሙዚየም በኩል የመንግሥት ቅጥር አለ፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። ብዙው ሥራ ያለው ፕሮጀክት ላይ ነው።

አንዱን ልንገርሽ። በዓለም ባንክ ገንዘብ መንገድ ወይም መስኖ ሲሠራ ሰው ከመሬቱ የሚነሣ ከሆነ፣ አስቀድሞ የመልሶ ማስፈር ዕቅድ ይጠየቃል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚሠራበት የባንኩ የአካባቢና ማኅበራዊ ማዕቀፍ አምስተኛው ስታንዳርድ ስለዚሁ ነው። ያን ጊዜ ቤት ለቤት ዞሮ ማን ምን እንደሚያጣ የሚመዘግብ ባለሙያ ያስፈልጋል። የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ በቀላሉ ይገኛል። የእኩል አራሹስ? ቤት ተከራይታ ጠላ የምትሸጠውስ? ከብቶቹ ወደ ወንዝ የሚወርዱበት መንገድስ? እነዚህ የቀበሌ መዝገብ ላይ የሉም፤ ሰው ቤት ቁጭ ብሎ መስማት ይጠይቃሉ። ይህ ደግሞ የአንትሮፖሎጂ ዋና ትምህርት ነው። ሶሺዮሎጂ በበኩሉ ወደ ሰፋፊ የመጠይቅ ጥናት ያደላል፤ ለክትትልና ግምገማ ሥራ ይቀርባል።

የትኛውንም ብትመርጪ ስታቲስቲክስን አትሽሺ፤ እባክሽን! ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ልመጂ፤ ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ላይ መጠይቅ አዘጋጅተሽ በስልክ መሙላት ተለማመጂ። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ካለሽ ለመስክ ሥራ ተፈላጊ ነሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽንም ከሌላ ሰው አትቅጂ፤ የሰፈርሽን እድር እንኳ ቢሆን ራስሽ ሄደሽ አጥኚ። ለቅጥር ስትቀርቢ መረጃውን ከማን፣ እንዴት እንደሰበሰብሽ ይጠይቁሻል።