ሚያዝያ ላይ ሰርግ፣ ከዛ ዛንዚባር ዳይቪንግ፦ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ ላይ ነው። እጮኛዬ ለጫጉላ ዛንዚባር ሄደን ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ታንክ አዝሎ ባህር ውስጥ መጥለቅ) ካልተማርን ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ ጣና ዳር ተወልጄ አድጌ ዋና አልችልም፣ እንዳይስቁብኝ። እሱ ግን ከህፃንነቴ ጀምሮ ዓባይ መውጫው ጋ ስዋኝ ነው ያደግኩት ባይ ነው። ያለን 6 ቀን ነው። እስከዛ ጣና ላይ ብንለማመድስ? ሌላስ ምን እናዘጋጅ? (ሙሽሪት ከሽምብጥ)

መልስ፦ ሙሽሪት እንኳን ደስ ያለሽ! አልሳቅኩም፣ እዚህ ከተማ ሀይቁ ዳር ቡና እየጠጣ ያረጀ ግን ውሃ ከጉልበቱ በላይ ያልነካው ስንት ሰው አለ፣ እኔ ራሴ ሰላሳ ምናምን አመቴ ድረስ እንደዛ ነበርኩ።

መጀመሪያ ስለ ወሩ። የኛ ሚያዝያ ማለት ዛንዚባር ላይ ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ይዘንባል፣ ባህሩ ይደፈርሳል፣ አንዳንድ ሆቴልም ጭራሽ ይዘጋል። ሰርጉ ጥር ላይ ቢሆን ኖሮ ዛንዚባር ሂዱ ነበር የምለው። ለሚያዝያ ግን ህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የደሴቶች አገር ሲሸልስ ትሻላለች፣ ነፋሱ አቅጣጫ የሚቀይርበት ጊዜ ስለሆነ ባህሩ ይረጋል ውሃውም ጥርት ይላል። ለኛ ፓስፖርት ቀድሞ ቪዛ አይጠይቁም፣ ከበረራ በፊት ኦንላይን የጉዞ ፈቃድ መሙላት ብቻ ነው። ውድ ናት ግን፣ ይሄን አልደብቅሽም። የትኛውም ጋ ብትሄዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል፣ የሚፀናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለሰርጉ ሳምንት እንዳታቆዩት።

ጣና ላይ መለማመዱን ተይው። ውሃው በደለል የደፈረሰ ነው፣ እጅሽን ዘርግተሽ ጣትሽ አይታይሽም፣ ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ ባልሽ የሚኮራበት የዓባይ መውጫ ደግሞ የጉማሬ ሰፈር ነው። ሆቴሎቹ ገንዳ አላቸው፣ ከፍለሽ ግቢ፣ አሁኑኑ ጀምሪ። ኦፕን ዋተር የሚባለውን እስከ 18 ሜትር የሚያስወርድ ሰርተፊኬት ለማግኘት 200 ሜትር ሳትቆሚ መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ ተንሳፍፈሽ መቆየት ይጠበቅብሻል፣ ፍጥነት አይታይም፣ እንደ ኤሊ ብትሄጂም ያልፍልሻል። ካልደረሰልሽ ከኢንስትራክተር ጋር እስከ 12 ሜትር የሚወረድበት የሙከራ ዳይቭ አለ፣ እሱን ያዢ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮራል ለማየት 12 ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። 6ቱን ቀን ከመሄጃው ሳይሆን ከመመለሻው ጀምረሽ ወደ ኋላ ቁጠሪው። ጀርባሽ ላይ የምትሸከሚው ታንክ ሰው እንደሚለው ኦክስጅን ሳይሆን ተጭኖ የታጨቀ ተራ አየር ነው፣ ውስጡ ያለው ናይትሮጅን ደግሞ ጠልቀሽ በቆየሽ ቁጥር ደምሽና ስጋሽ ውስጥ ይሟሟል። አምቦ ውሃ ክዳኑ ሳይከፈት ፀጥ ብሎ ይቀመጥ የለ? ስትከፍቺው ቡልቅ ይላል፣ ሰውነትም ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ እንደዛው አረፋ ይሰራል፣ ያ አረፋ መገጣጠሚያ ወይም ነርቭ ላይ ከተቀመጠ ጣጣ ነው። ወደ ላይ ከፍ ባልሽ ቁጥር ደግሞ የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ለዛ ነው ብዙ ቀን ዳይቭ ካደረግሽ በኋላ ቢያንስ 18 ሰአት ሳትበሪ ቆዪ የሚሉት፣ እኔ ሙሉ 24 ሰአት ነው የምለው። ደሞ የኛ ነገር ይለያል፣ ሌላው ሰው ከፕሌን ሲወርድ ባህር ዳርቻ ላይ ነው፣ እናንተ ቦሌ ስትወርዱ ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁ፣ የፕሌኑ በር ተከፍቶም ግፊቱ አይመለስም፣ ባህር ዳር ቤታችሁም ብትደርሱ 1,800 ሜትር ነው። ከዛ በማግስቱ ዘመድ ጥየቃ ከዛም ከፍ ወዳለው ደባርቅ መውጣት የሚባል ነገር እንዳይኖር።

ስለዚህ ቲዎሪውን እዚሁ ቤታችሁ ኦንላይን ጨርሱ፣ 1ኛው ቀን ጉዞ፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ትምህርትና ዳይቭ፣ 5ኛው ቀን ደረቅ መሬት። በጀልባ ፕራስላን የምትባለው የሲሸልስ ደሴት ሄዳችሁ ኮኮ ደ ሜር የሚባለውን የዘንባባ ፍሬ እዩ፣ ከዛፍ ዘር ሁሉ በክብደት አንደኛ ነው። 6ኛው ቀን በረራ።

ስትገቢ ጆሮሽን አትርሺ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስወርድ 3 ሜትር ላይ ጆሮዬ ውስጥ ሚስማር የመቱብኝ ነው የመሰለኝ፣ ለካ ገና ሳያመኝ አፍንጫዬን ይዤ ቀስ ብዬ መንፋት ነበረብኝ። እና ኢንስትራክተሩ ማስኩን ተቀብሎ እንትፍ እንትፍ ሲልበት እንዳትደነግጪ፣ መስታወቱ ጉም እንዳይዝ ነው፣ እኔ ግን አያቴ የመረቁኝ መስሎኝ አሜን ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አስም፣ የልብ ወይም የጆሮ ችግር ካለ መጀመሪያ ሀኪም ይያችሁ፣ ፎርም ላይ ይጠይቋችኋል፣ አትዋሹ። ነፍሰ ጡር ዳይቭ አታደርግም፣ ይሄን ለሙሽራ መንገር ነውር አይደለም። ከሁሉ የምፈራላችሁ ግን ከሰርጉ፣ ከመልሱ፣ ከቅልቅሉ ስትጨፍሩ ከርማችሁ ታፍናችሁ እንዳትሄዱ ነው፣ አፍንጫ ከተደፈነ ጆሮ አይከፈትም። ጉንፋን ከያዘሽ ብሩ ይቃጠል እንጂ አትግቢ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለሽ እሱ ሲወጣ ፎቶ አንሺው።