ካርማን ጊያ ገዝቶ ለማደስ ላሰባችሁ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ቮልስዋገን ካርማን ጊያ የተባለችው መኪና እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ተመርታለች። ከሥሯ ያው የምናውቃት ቮልስ ናት። ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ጊያ ኩባንያ፣ ቦዲዋን የሠራው ደግሞ የጀርመኑ ካርማን ኩባንያ ነው። አሮጌ ገዝታችሁ ለማደስ ያሰባችሁ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ሞተሯ እንከን የለውም፣ ቦዲዋ ላይ ብቻ ትንሽ ዝገት አለ» ይላል። ልግዛት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተቃራኒውን ቢልህ ነበር ደስ የሚለኝ። ሞተሩ የቮልስ ነው፤ መለዋወጫው ይገኛል፣ ከካምቢዮው ጋር የሚይዘውም 4 ብሎን ነው። ቮልስ ፓራፋንጎዋ ቢበላሽ ፈትተህ ሌላ ታስራለህ። የካርማን ጊያ ግን ከቦዲው ጋር ተበይዷል፣ መጋጠሚያው በእርሳስ ተሞልቶ በእጅ ተሞርዷል። አፍንጫዋ ብቻውን የብዙ ቁራጭ ላሜራ ቅጥል ነው። ተመትቶ ወይም ዝጎ ከሆነ ጎበዝ ላሜራ ቀጥቃጭም ብዙ ቀን ይፈጅበታል። ገንዘብህን ለደህና ቦዲ ክፈል፤ የሞተ ሞተር ቢኖራትም ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (ጉድለት መሙያ ልጥፍ) መኖሩን በማግኔት ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ እህቴ፣ ግን ማግኔት እርሳስንም እንደማይዝ አትርሺ። ፋብሪካው ራሱ እርሳስ ያፈሰሰበት መጋጠሚያ ላይ ባይይዝ አትደንግጪ። የበሩ ታችኛው ጠርዝ ላይ ካልያዘ ግን ጠርጥሪ። ቀለም እንዳይጭር በጨርቅ ጠቅልይው።

ጥያቄ፦ ከሥሯ ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ምንጣፉን አንሳ። እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ሻጩን አምኜ ሳላነሳው ከፈልኩ፤ ወለሉ እንዳለ ተበልቶ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቀጥሎ በሮቹ ሥር ርዝመቱን የሚሄደውን ባዶ ሳጥን እይ። የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጣው እሱ ነው፣ ቦዲውን አጠንክሮ የሚይዘውም እሱ ነው። ያ ከተበላ፣ በተለይ ጣሪያዋ የሚታጠፈው፣ ወገቧ ይጎብጣል። በሩን ዝጋና ክፍተቱን ተመልከት፤ ከዚያ በክሪክ አንስተህ ድገም። ክፍተቱ ከጠበበ ወይም በሩ መያዝ ከጀመረ ተዋት። ከፊት ስኮርታው የሚቀመጥበት ላሜራ ከተጨማደደ ደግሞ ተጋጭታ ታውቃለች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩንስ?

መልስ፦ አጥፍተህ ቺንጋው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጃ በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ውስጥ ግፋ፣ ወደ ውጭ ሳብ። የክራንክሻፍቱ (ፑሌጃው የታሰረበት የሞተሩ ዋና ዘንግ) የወደ ውስጥና ወደ ውጭ ጨዋታ ከ0.15 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። በግልጽ ከተንቀሳቀሰና ቀጭ ካለ ሞተሩ ይፈታል፤ ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንስ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለ የቮልስ መካኒክ ይሠራታል?

መልስ፦ ሞተሩንና ካምቢዮውን በደንብ። የሚያስቸግረው መስታወቱ፣ ክሮሙና የበር ላስቲኩ ነው፤ የቮልሱ አይገጥምም። ከመክፈልህ በፊት አንድ በአንድ ቁጠራቸው፣ የጎደለው ከውጭ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ወረቀቱን በምን ላመሳክር?

መልስ፦ የሻንሲው ቁጥር ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ መሐሉ ላይ ባለው ጉብታ ተመትቷል። መቀመጫውን አንስተህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። አንድ አኃዝ ከተለየ፣ ወይም ዙሪያው የብየዳ ምልክት ካለ፣ በቅናሽ ቢሰጥህም አትግዛ።