ፒንቦሉ ለዘገየብህ ወንድሜ፦ ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት አትሩጥ

ወንድሜ፣ «ኮምፒውተር ላይ ፒንቦል (ያዘነበለ ሜዳ ላይ ኳስ የሚመታበትን ጨዋታ) ስጫወት ኳሷ እንደ ፊኛ ትንሳፈፋለች፣ ፍሊፐሩም (ኳሷን የሚመታው ክንድ) ዘግይቶ ይመታል፤ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚሠራውን የኮምፒውተሩን ክፍል) ልቀይር?» ብለህ ጠይቀሃል። በፍጹም አትቀይር። እኔ ቀይሬ የሁለት ወር ደሞዜን በልቶብኛል።

1. መጀመሪያ ስክሪንህን ጠርጥር። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቪዥዋል ፒንቦል የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ነበር የምጫወተው። ቁልፉን ተጭኜ ፍሊፐሩ እስኪነሳ ኳሷ መሀል ለመሀል ሾልካ ሄዳለች። ካርዱ አልቻለም ብዬ ከሥራ አስፈቅጄ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ ከተማ ገባሁና አዲስ ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም። ልመልሰው ስሄድ ባለሱቁ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «ለጌም ነው ይሄን ሁሉ የምትጨቃጨቀው? የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝና ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ጀመረ። እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ችግሩ ካርዱ እንዳልሆነ እዚያው እንደርስበት ነበር።

ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው። ምስሉን ላሳምር እያለ ያቆየዋል። በ60 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ፣ አንድ ምስል ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሦስት ምስል ከዘገየ 50 ሚሊሰከንድ ሄደ ማለት ነው። ኳሷ በሰከንድ 3 ሜትር ብትሮጥ በዚያች ቅጽበት 15 ሳንቲሜትር ትጓዛለች፤ የተለመደውን ፍሊፐር ሁለት እጥፍ ርዝመት! ሴቲንግ ገብቼ «ጌም ሞድ» የሚለውን ሳበራው ሌላ ጨዋታ ሆነ። ቪ-ሲንክንም (ጨዋታው ምስል የሚልክበትን ፍጥነት ከስክሪኑ ጋር የሚያገጣጥመውን ሴቲንግ) አጥፍተህ ሞክር።

2. የፊኛው ነገር ግን ሌላ ነው። እውነተኛዋ ኳስ ብረት ናት፤ ስፋቷ 27 ሚሊሜትር፣ ክብደቷ 80 ግራም። «ክብደት ጨምርላት» የሚሉህን አትስማ። ቁልቁለት ላይ ከባዷም ቀላሏም ብረት እኩል ነው የሚወርዱት። ለውጥ የሚያመጣው የሜዳው ማዘንበል ነው። እውነተኛው ማሽን ብዙ ጊዜ 6.5 ዲግሪ ያዘነብላል። የጫንከው ጠረጴዛ (የጨዋታው ሜዳ) ከዚያ በታች ከሆነ ኳሷ መንሳፈፏ አይቀርም። የጠረጴዛውን ፋይል ኮፒ አድርገህ አስቀምጥና አንዱን ቁጥር ብቻ ቀይረህ ተጫወት፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፍ። እኔ ማዘንበሉን፣ ሰበቃውንና የላስቲኩን ንጥረት በአንድ ጊዜ ነካክቼ የቱ እንዳበላሸው ሳላውቅ አንድ ሳምንት ለፋሁ።

ኳሷ ግድግዳ ሰንጥቃ ካለፈችብህ ደግሞ ጨዋታው የኳሷን ቦታ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያሰላ እይ። በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚያሰላ ጨዋታ ውስጥ ያቺው በሰከንድ 3 ሜትር የምትሮጥ ኳስ በአንድ እርምጃ 5 ሳንቲሜትር ትዘላለች። ስስ ግድግዳ እዚያ መሀል ቢኖር ላታየው ትችላለች። ቪዥዋል ፒንቦል በሰከንድ 1000 ጊዜ ስለሚያሰላ እርምጃዋ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እሱን የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ነፃ መሆኑም አለ።

ባለፈው እሁድ ቁልቁል የምትበርን ኳስ ፍሊፐሩ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት። ከዚያ አነጣጥሬ መታሁ። ጆተኒ ላይ ማንም የማይችለው የጎረቤቴ ልጅ «እንዴት ያዝካት?» ብሎ አፉን ከፍቶ ቀረ። በዚያ መዘግየት ይሄ የማይታሰብ ነበር።

የቴሌቪዥንህን ሞዴል ጻፍልኝ፣ ጌም ሞዱ የት እንደተደበቀ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ካርድ ቤት እንዳትሄድ።