የቴፕ ኪቦርድ ጥያቄዎች፦ አዲስ ድምፅ ከመጨመርዎ በፊት

ስለ ሜሎትሮንና ስለ ዘመዶቹ የተጻፉ ጥያቄዎች ተጠራቅመውብኛል፤ ዛሬ አንድ ላይ ልመልሳቸው። መሣሪያውን በስም ብቻ ለምታውቁት፦ ሜሎትሮን በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ለየብቻ የተቀዳ የቴፕ ክር ያለበት ኪቦርድ ነው። ቁልፉ ሲጫን የጎማ ሮለር ክሩን ከሚሽከረከር ዘንግ ጋር ያጣብቀዋል፣ ፌልት (ለስላሳ ቁራጭ ጨርቅ) ደግሞ ድምፁን ከክሩ ወደሚያነበው ሄድ ያስጠጋዋል፤ ከዓመታት በፊት የተነፋ ፍሉት ይሰማል። ጣት ሲነሳ ሞላ ክሩን ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ከዚህ በታች የሚነሳው ነገር ሁሉ ከዚህች ቀላል አሠራር የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ኤም 400 ሜሎትሮን በቅርቡ እጄ ገባ። ይሠራል፤ ግን ኮርድ ስይዝ ድምፁ ይዋዥቃል፣ አንዳንድ ቁልፎችም ከሌሎቹ ደከም ይላሉ። ያለኝ ገንዘብ ወይ አዲስ የድምፅ ፍሬም (ክሮቹን የያዘ ተነቃይ ማዕቀፍ) ይገዛልኛል፣ ወይ እድሳት ያሠራልኛል። የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ እድሳቱን። የደከመ ሞተር ላይ አዲስ ክር ቢጭኑ የሚሰማዎት ያው የድሮው መዋዠቅ ነው፤ ይባስ ብሎም የቆሸሸ ሄድና የተንጋደደ ሮለር አዲሱን ክር ከጠርዙ እየበሉ ያበላሹታል።

መጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሆነ ይለዩ። አንድ ቁልፍ ይያዙና ያድምጡ። ጣትዎን ሳያነሱ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እስከ ስድስተኛ ድረስ ይጨምሩ፤ ክሩ የሚቆየው ስምንት ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ ፈጠን ይበሉ። ቁልፍ በተጨመረ ቁጥር የመጀመሪያው ኖታ ወደ ታች እየወረደ ከሄደ ሞተሩ ሸክሙን አልቻለም ማለት ነው። ክሮቹን ሁሉ የሚጎትተው አንድ ዘንግ ነውና የተጫነ ቁልፍ ሁሉ ፍሬን ይሆንበታል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ቦርድ ነው። በብዙ ኤም 400ዎች ውስጥ ያለው ሲኤምሲ 10 የተባለው ቦርድ በዚህ ስሙ የጠፋ ነው። የተሻሉ ምትክ ቦርዶች ተሠርተውለታል፤ ለዚህ መሣሪያ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ከተከፈተ አይቀር ቺንጊያውንም ይቀይሩት።

የሚንቀጠቀጠው አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ግን ሞተሩን ይተዉትና የዚያን ቁልፍ ሮለር ይዩ። ጎማው ደርቋል ወይም ለብዙ ጊዜ ተጭኖ ስለቆየ አንድ ጎኑ ጠፍጥፏል። ድምፁ ደካማ የሆነው ቁልፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከያ ብቻ ነው የሚፈልገው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ብሎን አለው፤ አንዱ የሮለሩ፣ አንዱ የፌልቱ። መጀመሪያ ሮለሩን ክሩ ሳይንሸራተት እስኪጎተት ድረስ ብቻ ያጥብቁ። ቀጥሎ ፌልቱን በትንሽ በትንሹ እያዞሩ ያዳምጡ፤ የታፈነው ድምፅ ድንገት ጥርት ይላል። እዚያ ላይ ካቻቢቴውን ያስቀምጡ። ትንሽ ልጨምርለት ያሉ እንደሆነ ፌልቱ ሄዱን መሞረድ ይጀምራል፣ ለሞተሩም ተጨማሪ ሸክም ይሆንበታል። ቁልፎቹ 35 ናቸውና ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ የምመራው አነስተኛ ኳየር አለ። የእኛን ድምፅ በሜሎትሮን ክር ላይ ማስቀዳት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ያንኑ የታወቀ ቫዮሊንና ፍሉት ከየት እንደሚያገኝ ነውና።

በልኬቱ እንጀምር። ኤም 400 ከጂ2 እስከ ኤፍ5 ያሉ 35 ኖታዎች አሉት። እያንዳንዱ ስምንት ሰከንድ ቢይዝ ተደምሮ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ ነው። አጭር ይመስላል፤ ሲቀዳ ግን እያንዳንዱ ኖታ ተደጋግሞ ስለሚዘመር ዘማሪዎቹን ያደክማል። ስለዚህ ከፍተኛዎቹን ኖታዎች ጉሮሮ ከሞቀ በኋላ፣ ነገር ግን ከመድከሙ በፊት ያስቀዱ።

ከታችኞቹ ቁልፎች ሴቶቹ አይደርሱም፣ ከላይኞቹ ወንዶቹ አይደርሱም። ታዲያ ወንዶቹ ከታች፣ ሴቶቹ ከላይ ይሁኑና መሀል ላይ ላሉ ጥቂት ቁልፎች ሁለቱም አብረው ይዘምሩ። ያለዚያ ዜማው ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር የሰዎቹ መቀየር ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ይህ የኳየር ጣጣ ብቻ አይደለም። ቫዮሊን ዝቅተኛ ኖታው ጂ3 ስለሆነ የታችኛውን ኦክታቭ ቪዮላና ቼሎ ካልያዙለት ኪቦርዱን አይሞላም።

አንድ ኖታ ቀድቶ ሌላውን በኮምፒውተር ከፍና ዝቅ እያደረጉ መሙላት ያጓጓል። እባክዎ አያድርጉት። የሰው ድምፅ ሲዘረጋ የሚዘምረው ግዙፍ፣ ሲጨመቅ ደግሞ ሕፃን ይመስላል። የቴፕ ኪቦርድ ውበቱም እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ትንፋሽ ያለው መሆኑ ላይ ነው።

አዘማመሩን በተመለከተ፣ ዘማሪዎቹ አሥር ሰከንድ ሙሉ ሳይደክሙ ይያዙ፤ ትርፉ ይቆረጣል። መጨረሻው እየከሰመ የሚሄድ ኖታ ኪቦርዱ ላይ የተበላሸ ክር ይመስላል። መነሻው ከዚህም ይበልጥ ወሳኝ ነው። ከድምፁ በፊት የግማሽ ሰከንድ ዝምታ ከተረፈ ቁልፉ የሚዘገይ ይመስላል፤ 35ቱ በተለያየ ቦታ ከጀመሩ ደግሞ ኮርዱ ተንጠባጥቦ ይመጣል። ነገር ግን ‹አ› የምትወጣበትን ያችን የመጀመሪያ ጉልበት እንዳይቆርጧት ይጠንቀቁ።

ክፍሉ የሚያስተጋባ አይሁን። ጣት ሲነሳ ክሩ ወዲያው ስለሚቆም የገደል ማሚቶውም አብሮ ቀጥ ይላል፤ ጆሮ ይህን አይወደውም። ማስተጋባት ከፈለጉ ከኪቦርዱ ውጭ በኋላ ይጨመራል። የድምፅ መጠኑን በጆሮ ያቀራርቡ፤ ግን ሁሉንም በኮምፕረሰር ጨምቀው አንድ ዓይነት አያድርጉት። ትንሽ ወጣ ገባ ሲል ነው ሰው ሰው የሚለው።

ክሩ የ3/8 ኢንች ነው፣ ወደ 9.5 ሚሊ ሜትር፤ በላዩም ሦስት ትራክ (እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ የሚይዝ መስመር) ጎን ለጎን ይቀዳል። ተራው የ1/4 ኢንች ቴፕ አይሆንም፣ ይህን ክር የሚቀዳ ማሽንም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ 35ቱን ኖታዎች ለየብቻ ፋይል አድርገው፣ በኖታቸው ስም ሰይመው ክር ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች መላክ ይሻላል። አንድ ትራክ ብቻ አስቀድተው ሁለቱን ባዶ አይተዉ። የትራክ መምረጫውን በሁለት ትራኮች መሀል ቢያቆሙት ሁለቱ ተቀላቅለው ይሰማሉ፤ እንግዲህ አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጡት እርስ በርስ የሚስማሙ ይሁኑ። እኔ ብሆን መሀል ላይ ኳየሩን፣ በአንድ ጎኑ ወንዶቹን ብቻ፣ በሌላው ሴቶቹን ብቻ አደርጋለሁ።

ከመላክዎ በፊት ፋይሎቹን ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅን በቁልፍ የሚያጫውት መሣሪያ) ላይ ይጫኑና፣ ሉፕ ሳያደርጉ (እየተደጋገሙ እንዳይዞሩ)፣ በስምንት ሰከንድ እንዲቆም አድርገው ለጥቂት ሳምንታት ይጫወቱባቸው። የሚያናድድዎት ኖታ ራሱ ይጋለጣል። ክሩ ላይ ከታተመ በኋላ ማስተካከል አይቻልም።

ጥያቄ፦ ስምንት ሰከንድ አነሰኝ። ክሩን ክብ አድርጎ ማለቂያ የሌለው ማድረግ አይቻልም?

መልስ፦ ተሞክሯል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ባይሮትሮን ያለማቋረጥ የሚዞሩ የኤት-ትራክ (የድሮ የሙዚቃ ካርትሪጅ) ክሮችን ይጠቀም ነበር፤ የኪቦርድ ተጫዋቹ ሪክ ዌክማንም ደግፎት ነበር። የተሠሩት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። ችግሩ ይህ ነው፦ የሚዞር ክር መነሻ የለውም። ቁልፉን ሲጫኑ ድምፁ ከደረሰበት ይቀጥላል እንጂ የፍሉቱ ‹ቱ›፣ የቫዮሊኑ የመጀመሪያ ፍትጊያ አይሰማም። ለሩቅ ጀርባ ድምፅ ይበቃል፤ ለዜማ ግን ቀዝቃዛ ነው።

ግማሽ ፍጥነት የሚሰጥ ማሻሻያ ካገኙ ስምንቱ ሰከንድ አሥራ ስድስት ይሆናል፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወርዶና ትንሽ ደብዝዞ። እኔ ለጨለም ያሉ የቼሎ ድምፆች እወደዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን የድሮዎቹን ዘዴ ይልመዱ፦ ኮርዱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያንሱ፤ አንድ ጣት አንስተው ወደ ሌላ የኮርዱ ኖታ ይውሰዱ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሁልጊዜ ገና የጀመረ ክር እጅዎ ላይ ይኖራል። የተለቀቀውን ቁልፍ ወዲያው አይድገሙት፤ ክሩ እስኪመለስ ጊዜ ካልሰጡት ከመሀል ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የድሮ ክሮቼ ሄዱ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ይተዋሉ፣ ይጣበቃሉም። ኦቨን ውስጥ ማሞቅ ያድናቸዋል ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ ያዩት የማግኔቱን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዘው ማጣበቂያ እርጥበት ጠጥቶ ሲፈርስ ነው። በተመጠነ ዝቅተኛ ሙቀት ማድረቅ ለጊዜው ይሠራል፤ ዓላማውም ክሩ ሳይበላሽ አንዴ ተጫውቶ እንዲገለበጥ ነው እንጂ ተመልሶ መድረክ ላይ እንዲወጣ አይደለም። የታወቁት ድምፆች ማስተር (ዋና ቅጂ) ስላላቸው በአዲስ ክር መተካት ይሻላል። ሌላ ቅጂ የሌለው የራስዎ ልዩ ድምፅ ከሆነ ብቻ ለባለሙያ ይስጡት፤ የወጥ ቤት ኦቨን ለዚህ አይታመንም። ሄዶቹን በአይሶፕሮፒል አልኮል ያጽዱ፤ ማግኔታቸውን የሚያጠፉ ከሆነ ደግሞ ፍሬሙን አውጥተው ራቅ ካደረጉ በኋላ ይሁን።

ጥያቄ፦ ቻምበርሊን ከሜሎትሮን ይቀድማል ይባላል። እውነት ነው? ክሮቻቸውስ ይለዋወጣሉ?

መልስ፦ ይቀድማል። ሃሪ ቻምበርሊን ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነበር በቴፕ የሚሠራ መሣሪያ የሚሠራው። ሻጩ የነበረው ቢል ፍራንሰን በ1962 ከእነዚህ መሣሪያዎች ሁለቱን ይዞ እንግሊዝ ገባና በርሚንግሃም አካባቢ ለሚሠሩት ለብራድሊ ወንድማማቾች አሳያቸው። እነሱም አሻሽለው በ1963 የመጀመሪያውን ሜሎትሮን አወጡ፤ ቻምበርሊን ይህን የሰማው ዘግይቶ ነበር፣ አልተደሰተምም። ኤም 400 የመጣው በ1970 ነው። ክሮቹ ግን አይለዋወጡም። የቻምበርሊንን ድምፅ ሜሎትሮን ላይ ከፈለጉ በሜሎትሮን ልክ እንደገና መቀዳት አለበት።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ዲጂታሉን ገዝቼ አልገላገልም?

መልስ፦ ወጣት መሆንህን ስለነገርከኝ አንተ ልበልህ። ጉብኝት ላይ የምትወጣ፣ ዛሬ ኳየር ነገ ብራስ የምትፈልግ ከሆነ ግዛው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዲጂታሉ ሜሎትሮን፣ ኤም 4000ዲ፣ እውነተኛዎቹን ቅጂዎች ነው የያዘው፤ አይዋዥቅም፣ ክር አይበላም። የምታጣው ነገር ጣትህ ላይ ነው። ቴፑ ላይ ቁልፉን ቀስ አድርገህ በከፊል ብትጫነው ክሩ ሄዱን በደንብ ስለማይነካ ድምፁ ታፍኖ ይወጣል፤ አጥብቀህ ስትጫን ይከፈታል። እሱን ለማግኘት ብቻ 35 ክር መንከባከብ ያዋጣል ወይ ካልከኝ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ቋሚ ቦታ ካለህ አዎ፤ ከሌለህ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ቅድመ ማጉያውን በዘመናዊ ቀይሬ ሁለት አዲስ ጃክ ለመጨመር አስቤያለሁ። ዋጋውን ይቀንስብኝ ይሆን?

መልስ፦ የሚቀንሰው የማይመለሰው ነው። ቦርድ ይለወጣል፤ የተበሳ ካቢኔት ግን እንደተበሳ ይቀራል። ጃኮቹን አሁን ባሉት ቀዳዳዎች የሚገጠም ሳህን ላይ ይሥሩላቸው። የወጣውን ቦርድ ሽቦዎቹ የት የት እንደነበሩ ጽፈው፣ ፎቶም አንስተው በከረጢት ካቢኔቱ ውስጥ ይተዉት። ያረጁ ካፓሲተሮችን መቀየር ማንም የማይከስዎት ጥገና ነው።

ጥያቄ፦ ኤም 400ን በመኪና ሳጓጉዝ ክሮቹ ይጣመሙብኛል።

መልስ፦ ፍሬሙን አውጥተው በራሱ ሣጥን፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይውሰዱት። ካቢኔቱ ወደ 55 ኪሎ ስለሚመዝን ለሁለት ሰው ያንሱት፣ በጎኑም አያስተኙት። ሲደርሱ ወዲያው አያብሩት፤ መሣሪያው የክፍሉን ሙቀት ይልመድ። ከዚያ ፍሬሙን ያስገቡና እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ እየተጫኑ ክሩ ሙሉ በሙሉ መመለሱን በዓይንዎ ይዩ። ያልተመለሰ ካለ በእጅዎ አይጎትቱት፤ ኃይሉን አጥፍተው ሞላው የት እንደተያዘ ይፈልጉ።